የወንጀል ትምህርት ከምንጩ ይጀምር

ወንጀል ከሰማይ የሚወርድ መቅሠፍት ወይም ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወለዱት ባሕርይ አይደለም። ኅብረተሰባዊ ክስተት ነው። በመሆኑም ምንጩ፣ እድገቱና መወገጃው በሳይንሳዊ ዘዴ ሊጠና ይችላል፤ ይገባልም። ጥያቄው ይህ እውቀት የዳኞች፣ የዐቃብያነ ሕግና የፖሊሶች ይዞታ ብቻ ሆኖ ይቅር ወይስ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወርዶ የወጣቱ ሀብት ይሁን የሚለው ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ የወንጀል ጥናት (ክሪሚኖሎጂ) ከ16 እስከ 18 ዓመት ለሆናቸው ተማሪዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል። ተማሪው ለፖሊስ ሳይነገሩ የሚቀሩ ወንጀሎችን፣ የወንጀልን ንድፈ ሐሳቦች፣ ከወንጀሉ ሥፍራ እስከ ችሎት ያለውን ሂደትና የቅጣትን ዓላማ ያጠናል፤ ለለውጥ የሚቀሰቅስ ዘመቻም ያቅዳል። ንድፈ ሐሳብና ተግባር እዚህ ላይ መያያዛቸው የሚደገፍ ነው።

ይሁን እንጂ የትምህርቱ መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ወሳኙ ይዘቱ ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ በራስ ቅሉና በመንጋጋው ቅርጽ ይለያል ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ግን እስረኞችን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ጥናት፣ እንዲህ ያለ የተለየ የወንጀለኛ መልክ አለመኖሩን አሳየ። ሆላንዳዊው ቪለም ቦንገር በበኩሉ የወንጀልን ሥር በኢኮኖሚ ሁኔታዎች ውስጥ ፈለገ፤ ሰውን ከሰው የሚያፎካክር ሥርዓት ራስ ወዳድነትን እንደሚያራባ አስረዳ።

ከሁሉ በላይ ሊሠመርበት የሚገባው የአሜሪካዊው ኤድዊን ሰዘርላንድ ሥራ ነው። ሰዘርላንድ ባለ ሀብቶችና ባለ ሥልጣኖች በሥራቸው ላይ ሆነው የሚፈጽሙትን ወንጀል እ.ኤ.አ. በ1939 «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» ብሎ ሰየመው። በ1949 መጽሐፉ ሲታተም አሳታሚው የኩባንያዎቹን ስም አስወጣ፤ ሙሉው ጽሑፍ የወጣው በ1983 ነው። የኪስ አውላቂው ስም በማግሥቱ ሲነገር የኩባንያዎቹ ስም 34 ዓመት ተሸፈነ።

እንግዲህ ትምህርቱ የጎዳናውን ሌባ ብቻ እያሳየ በብዕር የሚዘርፈውን ቢሰውር፣ የድኻ ሠፈር ወጣት የሚማረው ራሱንና ወንድሙን መጠርጠር ይሆናል። ይህ ሳይንስ አይደለም፤ የአሮጌው ጭፍን ጥላቻ አዲስ ልብስ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከተጠያቂነት ነጻ ያደርጋል፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ልጅ የተለየ ሥርዓት ያበጃል፤ ከ15 ዓመት በላይ ያለው ግን በመደበኛው ድንጋጌ ሊዳኝ ይችላል። ታዲያ ሕግ የሚጠይቀው ወጣት የሕጉን ምክንያትና ወደ ወንጀል የሚገፋውን ሁኔታ የማወቅ መብት የለውምን?

ስለሆነም ሠራተኛው በማኅበሩ፣ ነዋሪው በሠፈሩ ሸንጎና በዕድሩ ይህን ጉዳይ አንሥቶ ይወያይበት፤ ከመምህራንም ጋር ይምከርበት። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ሕዝባችን። ወጣቱ ወንጀልን በችሎት ሳይሆን በክፍል ውስጥ፣ በፍርሃት ሳይሆን በእውቀት ይወቀው!