ለድህነትም ማኅተም?



በምርጫ ሰሞን ስለ ፍትሕ የሚናገር ጽሑፍ ብዙ አንብባችኋል። «ነፃና ገለልተኛ ፍርድ ቤት» የማይል ፓርቲ የለም፤ እኛም እንላለን። ዛሬ ግን ከዚያ ስለሚቀድም ነገር ልናነጋግራችሁ ወደድን። ዳኛው ገለልተኛ ሆነም አልሆነ በመጀመሪያ ዳኛው ፊት መቆም ያስፈልጋል። ከዳኛው በፊት ሬጅስትራር አለ፤ የዳኝነት ገንዘብ የሚከፈልበት መስኮትም አለ። ብዙው ወገናችን ጉዳዩ ሳይሰማ የሚመለሰው ከዚህ መስኮት ነው።

የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በክሱ በሚጠየቀው ገንዘብ ወይም በንብረቱ ግምት ልክ ነው። የተወሰደበት ነገር በተለቀ ቁጥር በሩ ላይ የሚጠየቀውም ይበዛል ማለት ነው። ቤቱን የተቀማ ሰው ሬዲዮኑን ከተቀማ ሰው ይልቅ ብዙ ብር ይዞ መቅረብ አለበት። ቤቱን የተቀማ ሰው ከየት ያምጣ? ከዚያ በፊትም ለራፖር ጸሐፊው፣ ለፎቶ ኮፒውና ለመጓጓዣው ከፍሏል። ጉዳዩ በይግባኝ ደብረ ብርሃን ቢሄድ ደግሞ የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ በቀጠሮ ብዛት ይባዛል።

ሕጉ ይህን ችግር አላሰበውም አንልም። አስቦታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ የዳኝነት ገንዘብ ለመክፈል በቂ አቅም የሌለው ሰው ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ሕግ አዋቂዎች «በደሃ ደንብ መክሰስ» የሚሉት ይህንን ነው። አመልካቹ ያለውን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ ያቀርባል፣ ፍርድ ቤቱ ይመረምራል፣ ተቃራኒው ወገንም ይሰማል። ከሳሹ ቢረታ የዳኝነቱ ገንዘብ ከተረቺው ይጠየቃል፤ ቢሸነፍ ከራሱ ይጠየቃል። መንግሥት ገንዘቡን ለጊዜው አዘገየው እንጂ ለማንም አልሰጠም። ከዚህም በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። «ገንዘብ ያለው ሰው» አይልም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ በአሠራር የገባችው አንዲት ወረቀት ናት፤ ድሃ መሆንን የሚያስረዳ የቀበሌ ደብዳቤ።

ማጀቴ ላይ ያነጋገርናት አንዲት እናት ታሪኳን እንዲህ ነገረችን። ስሟንም ቀበሌዋንም አንጠቅስም፤ ነገ እዚያው የምትኖር ናትና። ባሏ ሲሞት የሚከራይ አንድ ክፍል ነበራቸው። የባሏ ወንድም «የአባቴ ቦታ ነው» ብሎ ኪራዩን ራሱ መሰብሰብ ጀመረ። ሽማግሌ ላከች፤ አልሆነም። ክስ ልታቀርብ ሄደች፤ የዳኝነት ገንዘብ ተባለች። የላትም፤ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ሸጣ ነው ልጆቿን የምታሳድገው። «ከቀበሌ አጽፈሽ ነይ» ተባለች። ቀበሌ ስትሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ እሳቸው አሉ፣ ማኅተም ያዡ የለም። በሦስተኛው ሳምንት የተሰጣት መልስ «የቆርቆሮ ቤት ያለሽ ሰው ድሃ ነሽ ብለን ልንጽፍልሽ አንችልም» የሚል ነው። ያ የቆርቆሮ ቤት ከልጆቿ ጋር የምትተኛበት ነው። መልሱን የሰጣት ሰው ደግሞ ከባሏ ወንድም ጋር የአንድ ዕድር አባል ነው፤ እሷም ይህንን የምታውቀው ከመሄዷ በፊት ነበር። ኪራዩን ዛሬም የሚሰበስበው ያው ሰው ነው።

ልብ በሉ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። የከተማ ቀበሌ የመጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ሕጉ ሲጻፍ ቀበሌ የሚባል ነገር አልነበረም! ስለዚህ ሕግ አውጪው ድሃውን «ከቀበሌ ማኅተም አምጣ» ሊለው አይችልም ነበር። ሕጉ ጥያቄውን የሰጠው ለዳኛ ነው። ሥልጣኑን ከዳኛው ጠረጴዛ አንሥቶ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያሸከመው ልማድ ነው። ሕጉ ደግሞ «በቂ አቅም የሌለው» ነው የሚለው፤ «ምንም የሌለው» አይደለም። በመኖሪያ ቤትና በእጅ ባለ ገንዘብ መካከል ያለውን ልዩነት ቀበሌው ባያውቀው እንኳ ዳኛው ያውቀዋል።

ይባስ ብሎ ተከሳሹ ራሱ ቀበሌው ወይም ወረዳው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቦታው ለልማት ተብሎ የተወሰደበት ሰው ካሳ ለመጠየቅ የድህነቱን ማስረጃ የሚለምነው ቦታውን ካስነሣው አካል ነው። ተከሳሽ የከሳሹን መግቢያ በር ቁልፍ የሚይዝበት እንዲህ ያለ ዳኝነት የት አለ?

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ያሳለፍነው መከራ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ዘልቋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ማጀቴን ጨምሮ ከተሞቻችን ተኩስ ሰምተዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ትናንት ባለሱቅ የነበረ ሰው ዛሬ የቀን ሠራተኛ ሆኗል። የቀበሌው መዝገብ ላይ ግን እስከ ዛሬ «ነጋዴ» ነው። የቤቱ ካርታና የጋብቻ ወረቀቱ አብረው ነድደዋል። ይህ ሰው ድህነቱን በወረቀት አስረዳ ሲባል ምን ይዞ ይሂድ? አመዱን? ጊዜውም አይጠብቀውም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ደብዳቤ ፍለጋ የሚባክነው ወር ሁሉ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነው።

«የዳኝነት ገንዘብ ከቀረ የማይረባ ክስ ይበዛል» የሚሉን አሉ። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሙግት የሚወድ ሰው በአገራችን ሞልቷል፤ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው የማያውቅ የለም። ነገር ግን አባቶቻችን ይህንን ሲከላከሉ የነበሩት በሩን ዘግተው አልነበረም። ተሟጋቾች ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ የሚከፍለውም የተረታው ነው። ክፍያው ነገሩ ሲያልቅ ነበር እንጂ ነገሩ ሳይሰማ አልነበረም። (የድሮው ዳኝነት ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም፤ ጉልበተኛ ያኔም ጉልበተኛ ነበር።) በሌላው ዓለምም ብንመለከት፣ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በሠራተኛ ጉዳይ ችሎቶች ላይ ክፍያ ሲጣል የክሱ ቁጥር ከግማሽ በላይ ወረደ። በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክፍያው ሰዎችን ከፍትሕ የሚያግድ ነው ሲል ሻረው። ክሱ የቀነሰው በደል ስለቀነሰ አልነበረም።

ፓርቲያችን ለዚህ ችግር የያዘው አቋም የሚከተለው ነው። አቅም የለኝም የሚል ሰው በፍርድ ቤቱ ፊት በሚሰጠው ቃለ መሐላ ይታመን፤ ዋሽቶ ከተገኘ በሕግ ይጠየቅ። የቀበሌ ደብዳቤ ማምጣት የፈለገ ያምጣ፣ ግዴታ ግን አይሁን። ሰው የሚኖርበት ቤትና የሚተዳደርበት መሣሪያ፣ የልብስ ስፌት መኪናም ሆነ ጋሪ፣ ከአቅም አይቆጠር። ጥያቄው በ15 ቀን ውስጥ ካልተወሰነ መዝገቡ ይከፈትና ክፍያው በፍርዱ መጨረሻ ይታይ፤ ማመልከቻው የገባበት ቀንም ክሱ እንደቀረበበት ቀን ይቆጠር። «ደሃ» የሚለው ስያሜም ይቀየር። ለእኛ የሥነ ሥርዓት ሕግ መነሻ የሆነችው ህንድ እንኳ «ድሃ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ ለውጣዋለች። ስሙን ሰምቶ አፍሮ የሚቀር ሰው፣ በተለይ ትናንት ሌላውን ይረዳ የነበረ ሰው፣ በመካከላችን አለና።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሥነ ሥርዓት ሕጉን ማሻሻል ስለሚጠይቁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ድምፅ ይፈልጋሉ፤ ድምፃችሁን የምንጠይቀውም ለዚህ ጭምር ነው። የደብዳቤው ግዴታ ግን ሕግ ያልወለደው ልማድ ስለሆነ እሱን ለማስቀረት አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የክልሉ ፍርድ ቤቶች ለሬጅስትራሮቻቸው የሚጽፉት አንድ መመሪያ ይበቃዋል።

እስከዚያው ድረስ ግን ዝም ብላችሁ አትመለሱ። የደመወዝና የሥራ ስንብት ክርክር ያለባችሁ ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት የዳኝነት ገንዘብ አትከፍሉም፤ «ክፈሉ» ብትባሉ ይህንኑ ንገሯቸው። ሌሎቻችሁ ማመልከቻችሁ ላይ ቁጥር 467ን አስጽፉ፣ ያላችሁን ንብረት ሳትደብቁ ዘርዝሩ፣ ቀበሌው ደብዳቤ ቢከለክላችሁ የሄዳችሁበትን ቀንና የተሰጣችሁን መልስ መዝግባችሁ ለዳኛው አቅርቡ። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በሚሰጡበት ቦታ እነሱን ጠይቁ። የእኛም ዕጩዎች በየከተማው ሲዞሩ ማመልከቻ ለመጻፍ የሚረዳ ሰው አብሯቸው ይኖራል፤ ለዚህ የሚጠየቅ ክፍያም ሆነ የአባልነት ፎርም የለም። ያቺ የማጀቴ እናት ማመልከቻዋን እንደ አዲስ አጽፋለች፤ በዚህ ጊዜ የቀበሌ ደብዳቤ አላያያዘችም።