ይሉኝታና የኋላ ማርሽ



እንደሚታወቀው ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ ወገኖቻችን መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ በከባድ መኪና አሽከርካሪነት ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ። ለዚህ ሥራ «ሲዲኤል» የተባለው መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ረጅሙን ባለ ተሳቢ ለመንዳት ደግሞ የ«ኤ» ደረጃው ግድ ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን ፈቃድ ለማግኘት ገንዘብ ይበደራሉ፤ የነበራቸውንም ሥራ ያቆማሉ። ታዲያ ብዙውን ጊዜ ተማሪውን እንቅልፍ የሚነሳው አውራ ጎዳናው አይደለም። መኪናውን ከነተሳቢው ወደ ኋላ ማስገባቱ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ፈተናው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. ከ1986 በፊት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የቤት መኪና ፈቃድ ያለው ሰው ባለ ተሳቢውንም ሊነዳ ይችል ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን አስቀረ፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 1992 ጀምሮም ያለ «ሲዲኤል» እንዲህ ያለውን መኪና መንዳት ተከለከለ። የተግባር ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት። እነዚህም መኪናውን መፈተሽ፣ በሜዳ ላይ መቆጣጠርና በመንገድ ላይ መንዳት ናቸው። ወደ ኋላ ማስገባቱ የሚገኘው በሁለተኛው ክፍል ነው። ዝርዝሩ እንደየግዛቱ ይለያያል። ቀጥታ ወደ ኋላ መሄድና ከአንዱ መስመር ወደ ጎን ወዳለው መስመር ወደ ኋላ መዞር ግን በብዙ ቦታ ይጠየቃል። የተግባር ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን አስተርጓሚ አይፈቀድም። ስለዚህ የመኪናውን ክፍሎች ስም በእንግሊዝኛ ማጥናት ከልምምዱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ለምን ይከብዳል?

በአሜሪካ መንገዶች ላይ የተለመደው ረጅም ተሳቢ 53 ጫማ፣ ማለትም 16 ሜትር ያህል ነው። ከጎታቹ ጋር ሲደመር ርዝመቱ ከ20 ሜትር ያልፋል። ተሳቢው ከፊት በኩል በጎታቹ ጀርባ ላይ ያርፍና እንደ ማጠፊያ በሚያገለግል አንድ ነጥብ ላይ ይያያዛል። በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ ሲኬድ መሪው የተገላቢጦሽ ይሠራል። የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ መዞር አለበት፤ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ደግሞ ወደ ግራ። ተሳቢው መዞር ከጀመረ በኋላ መሪውን መልሶ መከተል ያስፈልጋል። አለዚያ ጎታቹና ተሳቢው እንደ ሰንጢ ይተጣጠፋሉ።

ለጀማሪ የሚጠቅሙ ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉ። አንደኛው መሪውን ከታች በኩል መያዝ ነው። እጅ ከታች ወደ ግራ ሲሄድ የተሳቢው ጭራም ወደ ግራ ይሄዳል፤ ግራ መጋባቱም ይቀንሳል። ሁለተኛው በስፖኪዮ ማንበብ ነው። ቀጥታ ወደ ኋላ ሲኬድ ተሳቢው በአንዱ ስፖኪዮ እየሰፋ ከታየ፣ መሪውን በትንሹ ወደዚያው ስፖኪዮ ማዞር ያስተካክለዋል። ዋናው ነገር «በትንሹ» የሚለው ቃል ነው። የመሪው ውጤት ተሳቢው ላይ የሚታየው ዘግይቶ ስለሆነ የቸኮለ ሰው ሳያስፈልገው ይጨምራል፤ የጨመረውን ለመመለስም ሌላ ይጨምራል። መፍትሔው እንደ ኤሊ መንቀሳቀስ ነው።

ረዳት የሌለበት ሜዳ

በአገራችን ከባድ መኪና ወደ ኋላ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ረዳቱ ወርዶ «ና! ና! ግራ ስበር! ቁም!» እያለ የመኪናውን ጎን ይደበድባል። ሹፌሩም ግማሹን የሚነዳው በረዳቱ ዓይን ነው። በፈተናው ሜዳ ላይ ግን እንዲህ የሚል የለም። ፈታኙ ቆሞ ይመዘግባል እንጂ አይመራም። የጎማ ምልክቶቹን መንካትና መስመሩን ማለፍ ስህተት ሆኖ ይቆጠራል።

ለተማሪው የተተወለት ትልቅ መብት ቢኖር ወርዶ ማየት ነው። በብዙ ግዛቶች መመሪያ መሠረት ቀጥታ ወደ ኋላ በሚኬድበት ልምምድ አንድ ጊዜ፣ በሌሎቹ ሁለት ጊዜ ቆሞ፣ ወርዶ፣ ከኋላ ያለውን ማየት ይፈቀዳል። ወደፊት ወጣ ብሎ አቅጣጫን ማስተካከልም የተፈቀደ ነው፤ የሚያስቀጣው ሲበዛ ነው። ሲወርዱ ግን በሥርዓት መሆን አለበት። መኪናው ፈጽሞ ይቆማል፤ ማርሹ ይፈታል፤ የማቆሚያ ፍሬኑ ይያዛል። ከዚያም ፊትን ወደ መኪናው መልሶ፣ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ እንደያዙ መውረድ ነው። ፍሬን ሳይዙ መውረድ ወይም ዘሎ መውረድ ከፈተናው ሊያስወድቅ ይችላል።

ታዲያ ይህ መብት እያለ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ለምንድን ነው? ከምክንያቶቹ አንዱ እኛ በደንብ የምናውቀው ይሉኝታ ነው። ሌሎች ተማሪዎች ተራ እየጠበቁ ያያሉ። «ቢወርድ አልቻለም ይሉታል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ስለዚህ በግምት ይቀጥላል፤ ምልክቱንም ይገጫል። በፈተና ሜዳ ላይ የሚገጨው ባዶ ምልክት ነው። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ግን በጨለማ፣ በዝናብ፣ በመጋዘን በር ላይ ከተሳቢው ኋላ የሚገኘው የሰው ልጅ ሊሆን ይችላል። ተሳቢው ራሱ የሚጋርደውን ቦታ የትኛውም የጎን ስፖኪዮ አያሳይም። ወርዶ ያየ ሹፌር ሁለት ደቂቃ ያጣ ይሆናል፤ ያላየው ግን የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከመቀመጥ አማናን መወጣት ይበልጣል።

ማለፍና መቻል

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የአማራር ጉዳይ ነው። አንዳንድ ቦታ ተማሪው «ሦስተኛው ምልክት በስፖኪዮ ሲታይህ መሪውን አንድ ዙር አዙር» እየተባለ ሜዳውን በቃሉ ይይዛል። ይህ ለመነሻ ይረዳል። ነገር ግን ምልክቱ አንድ ሜትር ቢዛወር ተማሪው ባዶ እጁን ይቀራል። ትርጉሙን ሳይረዳ የሸመደደ ተማሪ ጥያቄው ሲለወጥ ምን እንደሚሆን እኛ መምህራን በየክፍላችን እናየዋለን። በቁርኣን ቤትም ቢሆን የዛሬውን ትምህርት ሳያጸና ወደ ነገው የሚያልፍ ልጅ የለም።

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ለዚህ ፈቃድ አዲስ የሆነ ሰው ከተግባር ፈተናው በፊት በፌዴራሉ መንግሥት መዝገብ ላይ በሰፈረ ማሠልጠኛ መማር አለበት። ይሁን እንጂ ይህ የፌዴራል ደንብ መሪ ላይ ለሚደረገው ልምምድ ዝቅተኛ የሰዓት ብዛት አልወሰነም። መቻሉን የሚመሰክረው አስተማሪው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ብልህነት ነው፦

1ኛ. በአንድ መኪና ላይ ስንት ተማሪ ይመደባል? ከኋላ ተቀምጦ ማየት መንዳት አይደለምና።

2ኛ. እኔ ራሴ መሪ የምይዘው ስንት ሰዓት ነው? ከዚህስ ወደ ኋላ ለማስገባት የሚውለው ስንቱ ነው?

3ኛ. የምፈተነው በተለማመድኩበት መኪና ነው?

4ኛ. ብወድቅ ለተጨማሪ ልምምድ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም?

ለወላጆችና ለባለቤቶች

ቤት ያላችሁ ወገኖችም ድርሻ አላችሁ። «እገሌ በሦስት ሳምንት ጨረሰ» የሚለው ወሬ ለተማሪው ስንቅ አይሆነውም፤ ለጥድፊያ ይገፋፋዋል እንጂ። ከዚህ ይልቅ የልጆችን ባለ ተሳቢ መጫወቻ መኪና ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ እየገፉ የማጠፊያውን ጠባይ ማጥናት ይጠቅማል። ልጆችም አብረው ቢገፉ ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛ ፈተና ካስፈለገም ውድቀት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ሶብር የሚያስፈልገው ለተፈታኙ ብቻ አይደለም፤ ለሚጠብቀውም ቤተሰብ ነው።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች! ቀስ በሉ፤ ስትጠራጠሩ ቁሙ፤ ወርዳችሁ እዩ። የሚያይ ሰው ቢስቅ ይሳቅ። አላህ ሪዝቃችሁን ያስፋላችሁ፤ ከመንገድ አደጋም ይጠብቃችሁ። በመጪው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።