ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ የሚሸጥ ሰው «ስማርት ሆም ነው» ካለ ዋጋ መጨመሪያ አገኘ ማለት ነው። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ የሳሎኑን መብራት ያጠፋል፣ ያበራል፣ ገዢው ይደመማል። እኔ ግን ገዢው አንድ ጥያቄ ቢያነሳ ደስ ይለኛል፦ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ኒውትራል ወርዷል ወይ?

ጥያቄው የኤሌክትሪሺያን ቢመስልም የሁላችንም ነው። በብዙ ቤቶች ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሚወርደው ፌዙ ብቻ ነው። ተራው ማብሪያ ማጥፊያ ፌዙን ከማገናኘትና ከማቋረጥ ሌላ ሥራ ስለሌለው ይህ ይበቃዋል። ስማርቱ ግን ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። መብራቱ ጠፍቶም ትእዛዝ እየጠበቀ ስለሆነ ኃይል ሳይቋረጥ ይፈልጋል። «ያለ ኒውትራል የሚሠራ» ተብሎ የሚሸጥም አለ፤ እሱ ለራሱ የሚያስፈልገውን ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል ያሳልፋል። የድሮው 60 ዋት አምፖል ይህ አይሰማውም ነበር። 5 ወይም 9 ዋት ኤልኢዲ ላይ ግን ጠፋ የተባለው መብራት ሌሊቱን ሙሉ ፈዘዝ ብሎ ሊበራ ወይም ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ለዚህ ተብሎ አምፖሉ ጋ የሚገጠም ካፓሲተር አብሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ከካርቶኑ ጋር የሚጣለውም እሱ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልጻፍኩ። አንድ ወዳጄ ቤት ፍሪጁ ሲነካ መንዘር ጀመረ። ባለሙያ ተጠርቶ ፍሪጁ ደህና ነው አለ። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ከወር በፊት ከተገጠመው ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ገጣሚው ኒውትራል ሲያጣ ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ፣ ማለትም ግራውንዱን፣ በኒውትራል ቦታ አስሮታል። መብራቱ በስልክ ይታዘዛል፣ ሒሳቡም ተከፍሏል። የሕንፃው ግራውንድ ግን ከታች ተቋርጦ ኖሯል፤ ስለዚህ መሬት መግባት ያቃተው ኤሌክትሪክ ግራውንዱን በሚጋራው ዕቃ ሁሉ ብረት ላይ ቆመ። ወዳጄ ነዘረው እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። እርጥብ እጅ ያለው ሕፃን ቢሆንስ?

ሁለተኛው ጉዳይ ኢንተርኔት ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። አንዳንዱ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ እናንተ ሳሎን ሆናችሁ የምትሰጡትን ትእዛዝ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር በኩል አዙሮ ነው የሚቀበለው። መስመሩ ሲቋረጥ ስልካችሁ ምንም አያዝም፤ ግድግዳው ላይ ሄዶ መጫን ብቻ ይቀራል። እኛ አገር ብቻም አይደለም። ኢንስቲዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰርቨሮቹን ያለ ማስጠንቀቂያ ሲዘጋ፣ ለዓመታት የታመኑ ደንበኞቹ ስልካቸው ላይ ያለው መተግበሪያ በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ሻጩ ፊት ዋይፋዩን ከኢንተርኔት አላቅቁና ሞክሩት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግም ጠይቁ፤ ማስተካከያው ካልተነካ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲመጣ ቤቱን በሙሉ አብርቶ የሚቀሰቅስ አለና።

ዲመር የምትፈልጉ ከሆነ ከዲመሩ በፊት አምፖሉን እዩ። ካርቶኑ ላይ በዲመር እንደሚሠራ ያልተጻፈበት ኤልኢዲ ይርገበገባል፣ ይጮኻል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ለድሮው አምፖል የተሠራ ዲመርም ብዙ ጊዜ ለኤልኢዲ አይስማማም፤ መነሻው ዋት ከፍ ያለ ስለሆነ አንድ አምፖል አይሞላለትም።

«ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» የሚለው ማስታወቂያ ግን ያስቀኛል። ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ሰው ጆሮውን ቢሰጥ አይገርምም። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ 3,500 ዋት የሚበላ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚወስደው ኃይል ለ9 ዋት አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት እየበራ ከሁለት ወር ተኩል በላይ ይበቃዋል። ስማርቱ ራሱም ቀን ከሌሊት ጥቂት ይበላል። መቆጠብ የፈለገ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ አከታትሎ ይጋግር።

ምቾቱን አልክድም። ደረጃ መውረድ ለከበዳቸው እናቶች መብራትን ከአልጋ ሆኖ ማጥፋት ትልቅ ነገር ነው። ግን ቅድሚያ የሚሰጠው አለ። ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ግራውንዱን ይለካ፣ ኒውትራሉን ይፈልግ። ከሌለ ግድግዳ ተሰብሮ ይውረድ፤ ወጪው ከከበደ ተራው ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት ይቆይ። አፓርታማ ለምትገነቡ ደግሞ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ኒውትራል ማውረድ የጥቂት ሜትር ሽቦ ጉዳይ ነው። ከውሉ ጋር የሽቦውን ንድፍ አያይዙልን።