እህት መጋዝ ልትልክ፣ አባት በምሳሬ ብለው

ሰሞኑን ከመርሳ የደረሰኝን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ሐሳብ ያዘኝ። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። እሱ ወልድያ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ወላጆቹ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ናቸው። አሜሪካ ያለችው እህቱ «አባባ በዚህ ዕድሜያቸው ምሳር ሲያነሱ አይኑሩ፤ ለቤት የምትሆን ትንሽ የሞተር መጋዝ ልላክላቸው። የኤሌክትሪክ ይሁን የቤንዚን?» ብላዋለች። አባትየው ይህን ሲሰሙ «በምሳሬ ነው ያሳደግኋችሁ። አሁን በስተርጅና እግሬን እንዲቆርጠኝ ነው?» ብለው ተቀየሙ። ልጁ መሐል ገብቶ «የቱ ይሻላል?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ከ«የቱ» በፊት «ማን ይይዘዋል?» በል። አንተ የምትሄደው ለበዓልና ለእረፍት ነው። መጋዙ ግን ከርሞ የሚያድረው አባትህ ጓዳ ነው።

ደግሞ አባትህ ግማሽ እውነት አላቸው። ለማገርና ለአጣና የሚሆን፣ እንደ ክንድ የቀጠነ ባሕር ዛፍ ሞተር አያሻውም። ጥርሱ የተሳለ የእጅ መጋዝ ይበቃዋል። መጋዝ ከምሳር የሚሻለው ጉቶውን ሳይሰነጥቅ ለስላሳ አድርጎ ስለሚቆርጥ ነው፤ ባሕር ዛፍ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያው ጉቶ ነውና። ማገዶ መፍለጥም ቢሆን ያው የምሳር ሥራ ነው፤ የሞተር መጋዝ ይቆርጣል እንጂ አይፈልጥም። ይህን ለአባትህ ንገራቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ሞተር የሚያስፈልገው ወፍራሙን ግንድ ለመቆራረጥ ነው። ለቤት ሥራ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ምላስ መሳይ ብረት ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ይበቃል። ሻጭ «ትልቁ ይሻላል» ቢል አትስማ፤ ትልቁ ክንድ ያዝላል፣ የዛለ ክንድ ደግሞ ይስታል።

አሁን ወደ እህትህ ጥያቄ። ባለገመዱ የኤሌክትሪክ መጋዝ ርካሽና ቀላል ነው። 2,000 ዋት ገደማ ይበላል፣ ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ማለት ነው። ግን ባሕር ዛፉ ያለው ጓሮ ሳይሆን ማሳ ዳር ከሆነ ገመዱ የት ይደርሳል? መብራቱስ? በ2013 መጨረሻና በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ያን ሁሉ ወራት በጨለማ የከረመ የወልድያና የመርሳ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ባለባትሪው ደግሞ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ለጀማሪም የሚመች ነው፤ ነገር ግን ከአሜሪካ ሲገዛ ቻርጀሩ የ120 ቮልት ብቻ ሊሆን ይችላል። የእኛ 220 ነው። በሰካኸው ቀን ይጨሳል! እህትህ ከመክፈሏ በፊት ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ታንብብ።

የቀረው የቤንዚኑ ነው፤ ለገጠር ይኸው ይሻላል እላለሁ። 30 ሲሲ ገደማ ሞተር፣ 4 ኪሎ ገደማ ክብደት። ስቲል ወይም ሁስክቫርና የሚል ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። ቤንዚኑ ከሁለት ምት ሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል፦ መመሪያው 50 ለ1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ከጨመርክበት ሞተሩ ይነክሳል፣ አለቀ። ለሰንሰለቱ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። ወልድያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሞተሩ ካፈነና ጥቁር ከጨሰ ካርቡራተሩን መካኒክ ያስተካክለው። መጋዙ ፍቅፋቂ መጣል ትቶ ዱቄት ካወጣ ሰንሰለቱ ደንዟል ማለት ነውና ክብ ሞረድ አብሮ ይላክ። እንዲሁም በሰው ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ አዲስ ይሁን፤ ቤንዚን የቀመሰ ሞተር ብዙ አየር መንገዶች አይቀበሉም።

አባትህ የፈሩት ነገር እውነተኛ ነው። የምላሱ ጫፍ በላይኛው በኩል እንጨት ከነካ መጋዙ ዓይን ሳይርገበገብ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይስፈነጠራል። ስለዚህ የሰንሰለት ፍሬን የሌለውን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። ጋቢ ደርቦ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ መጋዝ መያዝ የለም፤ የጋቢው ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ገባ ማለት አንገት ተያዘ ማለት ነው። ማንጎ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ መቁረጥም የለም፤ ያ የእጅ መጋዝ ሥራ ነው። ከትከሻ በላይ አይነሳም፣ ብቻን አይሠራም።

እንግዲህ ለእህትህ እንዲህ ብለህ ጻፍላት። መጀመሪያ የራስ ቁርና የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መነጽር፣ እንዲሁም ውስጡ ረጃጅም ክር ያለበት፣ ሰንሰለት ሲነካው ክሩ ተጠምጥሞ የሚያቆመው ሱሪ ትግዛ። ከተረፋት መጋዙን። መጋዙ የሚነሳው አንተ ስትኖር ብቻ ይሁን፤ አንተ በሌለህበት ሳምንት አንዱን የሞተሩን ቁልፍ ክፍል፣ ካንዴላውን ፈትተህ ወልድያ ይዘኸው ሂድ። ትልልቆቹን ዛፎች መገንደስ ለለመደ ባለሙያ በቀን ሒሳብ ይሰጥ። ለአባትህ ደግሞ አንድ ጥሩ የእጅ መጋዝ በስማቸው ይምጣላቸው፤ እሱን ማንም አይቀማቸውም።