የፊኛው ጋዝ ተመልሶ አይመጣም

ቶሮንቶ ውስጥ በሐበሻ የልደትና የምረቃ ድግሶች ጣሪያ ሥር የሚንሳፈፉ ፊኛዎች በማግስቱ ሟሽሸው ይገኛሉ። በውስጣቸው የነበረው ሂሊየም በላስቲኩ ሾልኮ ወጥቷል፤ እጅግ ቀላል በመሆኑም ውሎ አድሮ የምድርን ስበት አምልጦ ወደ ጠፈር ይሄዳል። ሃይድሮጂን ከውኃ ይመረታል፤ ሂሊየምን ግን እንዲህ የሚተካ ፋብሪካ የለም።

ምንጩ በምድር ቅርፊት ያሉት ዩራኒየምና ቶሪየም ናቸው። ሲፈራርሱ የሚለቋቸው የአልፋ ቅንጣቶች ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ሲይዙ ሂሊየም ይሆናሉ። ጋዙ በሚሊዮኖች ዓመታት ተጠራቅሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ጥቅጥቅ ባለ ዐለት ሥር ታምቆ ይቆያል።

የቶሮንቶ ነዋሪ ይህን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብሪታንያ ለአየር መርከቦቿ እንደ ሃይድሮጂን የማይቀጣጠል ጋዝ ስትሻ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ፊዚሲስት ጆን ከኒንገም ማክሌናን የኦንታሪዮንና የአልበርታን የተፈጥሮ ጋዝ መረመረ። ያገኘው ሂሊየም ከመቶ አንድ ሦስተኛ እጅ ያህል ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ ተጣርቶ ወጣ። በዚያው ጋዝ የማክሌናን ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1923 ሂሊየምን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። ከዚያ በፊት ይህ የተሳካው በ1908 በኔዘርላንድስ፣ በላይደን ብቻ ነበር።

ፈሳሹ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ269 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ብዙዎቹ የኤም አር አይ መሣሪያዎች ማግኔታቸውን በዚሁ ፈሳሽ፣ ከ1,000 ሊትር በላይ በሆነ መጠን ያቀዘቅዛሉ። አንዱ ሊትር ወደ ጋዝነት ሲመለስ 750 ሊትር ገደማ ስለሚሆን ከ50 በላይ የድግስ ፊኛዎች ይሞላል። ፊኛ ከዓለም የሂሊየም ፍጆታ የሚወስደው ጥቂቱን ነው የሚለው የሻጮች መልስ እውነት ነው። ሆኖም ሆስፒታል ምትክ የለውም፤ ድግስ ግን አለው።

«ለእኛም አፋር አለን» የሚል ይኖራል። በታንዛኒያ ሩክዋ ተፋሰስ፣ በዚያው በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ፣ የሂሊየም ክምችት መኖሩ በ2016 መነገሩ ተስፋውን አሙቆታል። በአፋር እሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ የሚታየው ከፍ ያለ የሂሊየም-3 ድርሻ ግን ከምድር ጥልቅ ስለሚወጣው ትኩስ ቁስ ይመሰክራል እንጂ የሚቀዳ ጋዝ መኖሩን አያረጋግጥም።

ለመጪው ምረቃ ፊኛዎቹን በእጅ ፓምፕ አየር ሞልቶ በቅስት ላይ ማሰር ይቻላል። ጣሪያ አይነኩም፤ ፎቶግራፉ ላይ ግን ልዩነቱን የሚያስተውል እንግዳ አይኖርም።