መንጠቆን የናቀ ወንዙን ያርዳል

ወንዝ በብርብራ የሚመርዝ ሰው «ዓሣ አጥማጅ» ተብሎ ሲጠራ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጎተራ ያቃጠለን ሰው ማን ገበሬ ይለዋል? እኛ ግን ዳንግላም እንጅባራም ላይ እንዲህ ያለውን ሰው «ዛሬስ ቀንቶታል» ብለን የያዘውን ተሻምተን እንገዛዋለን። አንዲት መንጠቆ ይዞ ወንዝ ዳር የተቀመጠውን ጎልማሳ ደግሞ ሥራ ፈት፣ ልጅነት ያልለቀቀው እያልን እናልፈዋለን። ፍርዳችን ተገልብጧል፤ እኔም ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ብርብራ በራሱ ምንም አልበደለም። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኝ ሀገር በቀል ዛፍ ነው፤ ለቡና ጥላ ይሆናል። ፍሬው ውስጥ ግን ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን መርዙ በስንጥቡ በኩል ዓሣው ደም ውስጥ ይገባል፤ ሰውነቱም ኦክስጅን መጠቀም ያቅተዋል። በዙሪያው ንጹሕ ውሃ ሞልቶ እያለ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ትልቁ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ ጣት የማታክለው ጫጩትም፣ ዓሣው የሚመገባቸው የውሃ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። ከዳንግላ ወጣ ብሎ አንድ ወንዝ ዳር ቆሜ ይህን አይቻለሁ። ሰውየው ትልልቆቹን ለቅሞ ጆንያው ውስጥ ከተተ። ትንንሾቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ ዞር ብሎም አላያቸውም። ብጠይቀው አባቶቻችንም እንዲህ ያደርጉ ነበር አለኝ። አባቶቻችን የሠሩት ሁሉ ትክክል ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአዊ ዞን ዳገት ሁሉ በደን በተሸፈነ ነበር።

ሕጉስ? ሕግ ሞልቷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ! በመርዝና በፈንጂ ዓሣ መያዝ ክልክል ነው። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ወረቀቱ ግን ከቢሮ ወጥቶ ወንዝ ዳር ሲደርስ አላየሁም።

ሌላው መዓት መረቡ ነው። የማወራው ድሮ በክር ተገምዶ ስለሚሠራውና ሲቀደድ ስለሚሰፋው መረብ አይደለም። በሱዳን በኩል ገብቶ ጣና ላይ ስለተንሰራፋው ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ነው። ውሃ ውስጥ ለዓሣ አይታይም፤ ርካሽ ስለሆነም ሲቀደድ ማንም አይጠግነውም፤ እዚያው ይተወዋል። ፕላስቲክ ደግሞ አይበሰብስም። ባለቤቱ ጥሎት ሄዶ ቤቱ ሲተኛ መረቡ ሳይተኛ ይገድላል፤ የገደለውንም ማንም አይበላውም።

«እኛ ምን አገባን፣ ጣና ሩቅ ነው» የሚሉ የአዊ ወንድሞቼ አሉ። የጣና ትልቁ ገባር ግልገል አባይ መሆኑን፣ የኪልቲ ወንዝም የዳንግላን ውሃ ይዞ ከእርሱ ጋር እንደሚቀላቀል ረስተውታል ማለት ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንላቸው ወገኖች አሉ። ሌኦ ናግልኬርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ለያይተው ካጠኗቸው ውስጥ 15ቱ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና ተፋሰስ በቀር የትም የሉም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ጠጠር ላይ፣ ፈጣንና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ውስጥ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ጉዞው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ይህን ጊዜ ዓሣ አጥማጅ ነኝ ባዩ ምን ያደርጋል? የወንዙን አፍ በመረብ ይዘጋል! እናቶቹ ከነዕንቁላላቸው ሰልፍ ይዘው መጥተው ይገቡለታል።

ውጤቱ ተለክቷል። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ከመቶ ሰባ አምስት ያህል ቀንሰዋል፤ ወጣቶቹ ዓሦች ደግሞ ከመቶ ዘጠና በላይ። ያ ሁሉ የሆነው የፕላስቲኩ መረብ ገና ሳይንሰራፋ ነው። እንዲህ ያሉ ተዛማጅ ዝርያዎች የነበሩበት ሌላ ሐይቅ ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው ላናዎ ነበር። ከውጭ በገቡ ዓሣ በል ዓሦችና ያለ ልክ በማጥመድ አብዛኞቹ ዝርያዎች አልቀዋል። አሁን ሳይፈርስ የቀረው የእኛው ጣና ብቻ ነው።

የጾሙን ነገርም ልናገረው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህራን ትቼዋለሁ። ገበያው ግን ለክርክሩ መቼ ጠበቀ? ፍልሰታ ነሐሴ ውስጥ ናት፤ ነጭ ዓሣ ዕንቁላል ተሸክሞ ወንዝ የሚወጣበት ወር ውስጥ። ሥጋ ተከልክለን ዓሣ ስንፈልግ በአንድ ምሳ የምንበላው የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ ነው። ይህን ጾም ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል።

እንግዲህ ወደ ናቃችኋት መንጠቆ እንምጣ።

መንጠቆ የያዘችውን ታሳይሃለች። ዕንቁላል ከያዘ ትለቀዋለህ፤ ትንሽ ከሆነ ትለቀዋለህ። መረብና ብርብራ ይህን ዕድል አይሰጡም። ግን መንጠቆም መምረጥን ይፈልጋል፤ ገበያ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን ዝም ብሎ ማንሳት አይደለም። ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል፤ 8 ቁጥር ከ2 ቁጥር ታንሳለች። ከ1 በላይ ደግሞ 1/0፣ 2/0 እያለ መልሶ ይተልቃል። ለትል 6 ወይም 8 ይበቃል። ለአምባዛ 1/0 ወይም 2/0፣ አገዳው ወፍራም የሆነውን። ገዝተህ ጫፉን አውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ጎትተው፤ ከተንሸራተተ ደነዝ ነው፤ ወይ በሞረድ ሳለው ወይ ለሻጩ መልስለት። ከጫፉ ሥር ወደ ኋላ ያፈነገጠችውን ሹል በፒንሳ ጭፍልቅ አድርጋት። ክሩን ካላላህበት በቀር ዓሣው አያመልጥህም፤ ስትለቀው ግን አፉን አትቀድበትም። ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከንፈሩ ላይ የያዝከው ይድናል፤ መንጠቆውን ያስዋጥከው ይሞታል። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ እንዳይዋጥ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዓሣው ይዞ ሲዞር ከአፉ ጠርዝ ላይ ይይዘዋል። ታዲያ በኃይል አትንጨው፤ ክሩን ቀስ ብለህ አጥብቀው።

አስተሳሰሩ ላይ ደግሞ ባስ የተባለውን ዓሣ የሚያሳድዱት ጃፓኖችና አሜሪካኖች አንድ ጥሩ ብልሃት አላቸው፤ ድሮፕ ሾት ይሉታል። ባሱን እዚያው ያቆዩልን፤ ዓሣ በል ባዕድ ላናዎን ምን እንዳደረገ አይተናል። ብልሃቱን ግን እንውሰድ። የእኛ ልጆች ድንጋዩን ከመንጠቆው በላይ ያስሩታል። መንጠቆው ታች ይቀርና የአዊ ወንዞች ጥቁር ድንጋይ ሥር ገብቶ ይቀረቀራል፤ ክሩም ይበጠሳል፤ መንጠቆው በከንቱ ይጠፋል። ድሮፕ ሾት ይህን ይገለብጠዋል፤ ድንጋዩ ታች፣ መንጠቆው አንድ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ። ክሩን አጥፈህ እጥፉን በመንጠቆው ዓይን አሳልፍ፤ በእጥፉ አንድ ተራ ቋጠሮ ሥራና ሳታጠብቀው መንጠቆውን ራሱን በእጥፉ ቀለበት ውስጥ አሳልፈው። በምራቅህ አርሰህ ሳብ። የተረፈውን ረጅም ጫፍ አትቁረጠው፤ የመንጠቆው ሹል ባለበት በኩል መልሰህ በዓይኑ ወደ ታች አሳልፈው። ያኔ መንጠቆው ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ ከክሩ ጎን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ድንጋዩን በዚያ ጫፍ ላይ ከዋናው ክር በሚቀጥን ክር እሰረው፤ ከተቀረቀረ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል፤ መንጠቆህ ይመለሳል። ትሉን ጠቅልለህ አትሰካው፤ ጫፉ ላይ አንዴ ወግተህ ተወው፣ ይወዛወዝ። ወንዙ ራሱ ያጫውትልሃል።

ዘንጉን ከየት? ይህን የሚጠይቅ የእንጅባራ ሰው ካለ ይፈር። የደጋ ቀርከሃ አጥሩ ሥር በቅሎለት፣ ከዚያው ወንበርና አልጋ ሠርቶ መንገድ ዳር እየሸጠ፣ ዘንግ አጣሁ ሊል ነው? ወጣቶችን ለማደራጀት ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠራው መረብ መሆኑ ይገርመኛል። ቀርከሃ ዘንግ፣ ጥሩ መንጠቆ፣ ክርና ሥልጠና ያለው ማኅበር ለማቋቋም ምን ቸገረ? ዘንገና ሐይቅን ሊያይ የሚመጣውን እንግዳ አንድ ቀን ተጨማሪ አሳድረው ወንዝ ዳር ቢወስዱት ከዓሣው ዋጋ በላይ ይከፍላል።

መንጠቆ ከተማ አይመግብም የሚሉኝ ሰዎች እውነት አላቸው። ከተማ ይመግብ አላልኩም። ሰፊ ዓይን ያለው የክር መረብ ከጥቅምት በኋላ ሐይቁ መሃል ቢጣል አልጮኽም። ወንዝ ግን የመራቢያ ቤት ነው፤ በክረምት እንኳን መረብ መንጠቆም ቢሆን ይውጣ። ጠጠሩ ላይ መራመድም ዕንቁላል መርገጥ ነው። ለመንጠቆ አጥማጅ ጓደኞቼም ይህንኑ ነው የምላቸው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዘንጋችሁን ስቀሉ።

ለእናንተ ለገዢዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በነሐሴ ሆዱ በዕንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ዳንግላ ገበያ ላይ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። የት እንደተያዘና በምን እንደተያዘ ሻጩን ጮክ ብላችሁ ጠይቁት፤ ሰው ሁሉ ይስማ።