ጥናቱ ወደተጠናበት ቀበሌ ይመለስ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የምርምር ውጤት ለአካባቢው ነዋሪ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከማስተማር ጎን ለጎን ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲዎች ተግባር አድርጎ ደንግጓል። በብዙ ቦታ ግን ተመራማሪውና ነዋሪው የሚገናኙት መጠይቅ በሚሞላበት ቀን ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲ አጥር ሥር የሚኖር ገበሬ የበሬውን ቁጥርና የማሳውን ስፋት በየዓመቱ ለሚመጡ ተማሪዎች ይናገራል። ከማሳው አፈር ተቆፍሮ በላስቲክ ይወሰዳል፤ አፈሩ ምን እንደጎደለው ግን ማንም ተመልሶ አይነግረውም። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎና ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል።

የነዋሪው ዕውቀት ግን ለምርምር ትልቅ ምንጭ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በመሆኑ፣ ከልብስ አጣቢዎቹ የተገኘው ፍንጭ የዕድሜ ልክ ምርምር ሆነ፤ በ1982 ዓ.ም. እሳቸውንና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስን ለራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አበቃ። የአገሬው ሰው ዕውቀት የምርምር ምንጭ ከሆነ፣ ውጤቱን መስማትም መብቱ ነው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራ መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። በአንድ ቀበሌ መረጃ የሰበሰበ ተማሪ ወይም መምህር የጥናቱን ፍሬ ነገር በአካባቢው ቋንቋ በሁለት ገጽ ጽፎ ለቀበሌው ያስረክብ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ በስብሰባ ላይ በቃል ያስረዳ። የመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ሳይደረግ አይጽደቅ። ዩኒቨርሲቲዎችም የዓመቱን የምርምር ርዕስ ከመምረጣቸው በፊት ገበሬውን፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንና የእድር ዳኛውን ጠርተው ችግራቸውን ይስሙ።

የገንዘብ ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። ለመረጃ ሰብሳቢ አበልና መኪና የሚመድብ በጀት፣ ውጤቱን ለመመለስ አንድ ቀን መጨመር አያቅተውም። ያች አንድ ቀን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ትያዝ። ያኔ ገበሬው ለሚቀጥለው መጠይቅ የሚሰጠው መልስ እውነተኛ ይሆናል፤ የተሳሳተውን ያርማል፣ ያልተጠየቀውንም ይጨምራል። ምርምሩ ራሱ የሚሻሻለው በዚህ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነዋሪ